የኬፕለር ሁለት ጋሪ የቤት ዕቃ

ለአሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። በእነዚያ ዓመታት የኬፕለርን ሦስት ሕጎች ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩ ቆጥሬ አላውቅም። ሞላላውን መሥመር በጠመኔ እሥላለሁ፣ ፀሐይን ከመሐሉ ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ፣ ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል። ኬፕለር ራሱ ማን እንደነበረ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ማስተማሩን ትቼ ሌላ ሥራ የያዝኩ ሰሞን ቤት መቀየርም ግድ ሆነብን። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚመስሉ ያየ ያውቀዋል። አንዱ እጅ የሥራ ልምድ ማስረጃና ክሊራንስ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይሮጣል፣ ሌላው እጅ ካርቶን ያስራል። አንድ ማታ ባለቤቴ ብርጭቆ በጋዜጣ እየጠቀለለች እኔ መጻሕፍቱን እንዳሽግ ታዘዝኩ። ከሥር ያገኘሁት ስለ ኬፕለር ሕይወት የሚተርክ አሮጌ መጽሐፍ ነበር፤ መቼ እንደገዛሁት እንኳ አላስታውስም። ካርቶኑ ላይ ቁጭ ብዬ ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። የዚያን ማታ ሌላ ካርቶን አላሸግኩም፤ በዚህም የተነሣ የደረሰብኝን እዚህ አልዘረዝርም።

ሰውየው ለካ መምህር ኖሯል። ማስተማሩን ለቆ፣ ሚስቱንና የእንጀራ ልጁን ይዞ፣ ዕቃውን በሁለት ጋሪ ጭኖ፣ ያልተፈረመ ሥራ ፍለጋ አገር አቋርጦ የሄደ መምህር። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ። የምጽፈውም ስለ ሕጎቹ ሳይሆን ስለ እነዚያ ሁለት ጋሪዎች ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዮሐንስ ኬፕለር የተወለደው በታኅሣሥ ወር 1571 በደቡብ ጀርመን፣ ቫይል ደር ሽታት በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ለከፈለው ሁሉ የሚዋጋ ቅጥረኛ ወታደር ነበር፤ አንድ ቀን ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ፈንጣጣ ያዘው፤ ዳነ፣ ዓይኑ ግን እንደ ደከመ ቀረ። ሰማይን ለማየት የተፈጠረ ሰው ዓይነ ደካማ መሆኑ ለእኔ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ነገር ነው። በ1577 ትልቅ ጅራታም ኮከብ ሲታይ እናቱ ካታሪና እጁን ይዛ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አውጥታ አሳየችው። ጭንቅላቱ ብሩህ ነበርና የአገሩ መስፍን ለድሃ ልጆች በሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል እስከ ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። እዚያ ሚካኤል ሜስትሊን የሚባል መምህር ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን የኮፐርኒከስን ሐሳብ አስተማረው። የኬፕለር ምኞት ግን ሌላ ነበር፤ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ መሆን ነበር የሚፈልገው።

መምህር የሆነው ወድዶ አይደለም። ዛሬ በሩቅ ግዛት ግራዝ በምትባል የኦስትሪያ ከተማ የነበረው የፕሮቴስታንቶች ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህሩ ሞተበትና ቱቢንገን ሰው እንዲልክለት ጠየቀ። ዩኒቨርሲቲው ኬፕለርን መረጠ። ሰባኪ ለመሆን ጥቂት ጊዜ ሲቀረው፣ በ1594 የጸደይ ወራት፣ የሃያ ሁለት ዓመቱ ወጣት ግራዝ ገባ። ደመወዙ በዓመት 150 ጉልደን ተባለ፤ ከሞተው መምህር ደመወዝ ያነሰ ነበር። ሥራ ልቀቅ ሲባል የተከራከረ፣ ሥራ ግባ ሲባል ግን ብዙም ያልተከራከረ መምህር ስንቶቻችን ነን?

ክፍሉ ውስጥ የሆነውን ሳነብ ሳቄንም ሐዘኔንም መለየት አቅቶኝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ተማሪዎች ነበሩት፤ በሁለተኛው ዓመት አንድም አልመጣም። የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ፣ ሒሳብ ለሁሉም ሰው የሚሆን ትምህርት እንዳልሆነ መዝግበው አለፉት። ደመወዙን በከንቱ እንዳይበላ ግን የላቲን ግጥምና የንግግር ጥበብ ደርበውለት እንዲያስተምር አደረጉት። እሱ ራሱ ስለ አስተማሪነቱ የጻፈው የሚሸነግል አይደለም፤ ሲናገር ይፈጥናል፣ ከአንድ ሐሳብ ሳይወጣ ሌላ ሐሳብ ይመጣበታል፣ ተማሪውን መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። እንዲህ ዓይነት መምህር አስተምሮኛል። ያኔ አልወደድኩትም ነበር።

ከማስተማሩ ጋር በየዓመቱ የቀን መቁጠሪያ ማዘጋጀት ግዴታው ነበር። በእሱም ላይ የዓመቱን አየር፣ ጦርነቱን፣ አዝመራውን መተንበይ ነበረበት፤ ለዚህም 20 ጉልደን ተጨማሪ ይከፈለዋል። ለ1595 ዓመት ባዘጋጀው የመጀመሪያው መቁጠሪያ ከባድ ብርድና የቱርኮች ወረራ ይመጣል ብሎ ጻፈ፤ ሁለቱም መጡ። ተማሪ ያጣው መምህር በኮከብ ቆጠራ ስም አወጣ። እሱ በዚህ ዓይነቱ ትንበያ ብዙም አያምንም ነበር፤ ኪሱ ግን ያምንበት ነበር ማለት ይቻላል።

ያችው ባዶ መሳይ ክፍል ናት ዕጣውን የወሰነችው። ሐምሌ 19 ቀን 1595 ጁፒተርና ሳተርን በየሃያ ዓመቱ የሚገናኙባቸውን ቦታዎች ለተማሪዎች በሰሌዳ ላይ ሲሥል፣ መሥመሮቹ በትልቁ ክብ ውስጥ ሌላ ትንሽ ክብ ሲፈጥሩ አየ። የፕላኔቶች ርቀት በጂኦሜትሪ ቅርጾች የተለካ መሆን አለበት የሚል ሐሳብ እንደ መብረቅ መታው። በሚቀጥለው ዓመት ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ። ሐሳቡ ስሕተት ነበር፤ ይህን ዛሬ ማንም የፊዚክስ ተማሪ ያውቃል። ነገር ግን የመጽሐፉ ቅጂ የዘመኑ ትልቁ የሰማይ ተመልካች ቲኮ ብራሄ እጅ ገባ። ዴንማርካዊው መኳንንት ከመጽሐፉ መደምደሚያ ይልቅ የጸሐፊውን የስሌት ችሎታ ወደደ። ትውውቃቸው በዚሁ ተጀመረ።

እዚህ ላይ ባርባራ ትገባለች። ባርባራ ሙለር ከግራዝ አቅራቢያ የወፍጮ ቤቶችና መሬት ባለቤት የነበረ ሀብታም ልጅ ናት። ገና በሃያ ሦስት ዓመቷ ሁለት ባሎች ሞተውባት ሬጊና የምትባል ትንሽ ልጅ ታሳድግ ነበር። ኬፕለር ሽማግሌ ላከ። አባትየው ይህን ምንም የሌለውን የትምህርት ቤት ሰው አልወደዱትም። የእርቅና የሽምግልናው ነገር እያለ ኬፕለር መጽሐፉን ሊያሳትም የሁለት ወር ፈቃድ ጠይቆ ሄደና ሰባት ወር ቆየ፤ ሲመለስ ጉዳዩ ፈርሶ ጠበቀው። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ገብተው ቃል ቃል ነው ስላሉ በሚያዝያ 1597 ሠርጉ ሆነ። በዓመቱ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ስሙ ሃይንሪክ ነበር፣ ሁለት ወር ኖሮ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ሱዛና ተወለደች፤ እሷ ከአንድ ወር ትንሽ አለፋት።

በዚህ መሐል የግዛቱ ገዢ የተለወጠ ዘመን ይዞ መጣ። ወጣቱ አርክዱክ ፈርዲናንድ በኢየሱሳውያን ተምሮ ያደገ፣ ግዛቱ በሙሉ ካቶሊክ እንዲሆን የቆረጠ ሰው ነበር። ኢየሱሳውያን ለእኛም እንግዳ አይደሉም፤ በዚያው ትውልድ አገራችን ገብቶ አፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት የሳበው ፔድሮ ፓኤዝ የዚያው ማኅበር አባል ነበር። እዚህ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ነገሩ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። እዚያ ግን በፈርዲናንድ ዘመን የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት እስኪፈነዳ ድረስ ሄደ።

በመስከረም 1598 የፕሮቴስታንት ሰባኪዎችና መምህራን በሙሉ ከግራዝ እንዲወጡ ታዘዘ። ሚስቶቻቸውን ትተው በችኮላ ወደ ድንበሩ ማዶ ወጡ። ከመምህራኑ ውስጥ በወሩ እንዲመለስ የተፈቀደለት ኬፕለር ብቻ ነበር። ተመለሰ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ተዘግቶ ነበር። ደመወዙ እየተከፈለው የሚያስተምረው ሰው አጣ። ሕፃኗ ሱዛና የሞተችው በዚህ ጊዜ ነው። የካቶሊክ ቄስ እንዲቀብራት ስላልፈለገ ተቀጣ፤ ቅጣቱን ሳይከፍል ልጁን መቅበር አልቻለም።

እንግዲህ አንድ መምህር ማስተማሩን የሚለቅበትን ምክንያት ስንቆጥር ደመወዝ እንላለን፣ የቤት ኪራይ እንላለን፣ የተማሪ ጠባይ እንላለን። እኔም ስለቅ ይህንኑ ነበር የቆጠርኩት። የኬፕለርን ሳነብ ዝርዝሬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ወደ ቀድሞ መምህሩ ወደ ሜስትሊን ደጋግሞ ጻፈ። ቱቢንገን ውስጥ ትንሽ ቦታ ካለ ለማወቅ፣ የዳቦ፣ የወይንና የቤት ኪራይ ዋጋ እዚያ ስንት እንደሆነ ሳይቀር ጠየቀው። ባለቤቱ ክክ ወጥ ብቻ እየበላች መኖር የለመደች አይደለችምና ዋጋውን ማወቅ ነበረበት ብንል አናጋንንም። ከሜስትሊን የመጣው መልስ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። የቀረው ቲኮ ብራሄ ነበር።

ቲኮ ራሱ በዚያን ጊዜ ጓዙን ጠቅልሎ የተሰደደ ሰው ነው። በዴንማርክ ንጉሥ በተሰጠው ደሴት ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሰማይን ሲለካ ኖሮ፣ አዲሱ ንጉሥ ፊቱን ሲያዞርበት ቤተሰቡንና መሣሪያዎቹን ይዞ በ1597 ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፕራግ ላይ የዳግማዊ ሩዶልፍ ቤተ መንግሥት የሒሳብ ሊቅ ሆኖ በ3,000 ጉልደን ተቀጠረ። የኬፕለርን ደመወዝ እናስታውስ።

ኬፕለር በ1600 መጀመሪያ ላይ ወደ ፕራግ በሚሄድ ባለሥልጣን ሠረገላ ተሳፍሮ ብቻውን ሄደ፤ ሥራውን ሊያይ እንጂ ሊቀር አልነበረም። የካቲት መጀመሪያ ላይ ከፕራግ ውጪ ቤናትኪ በሚባለው ግንብ ከቲኮ ጋር ተገናኙ። ግንቡ በእድሳት ላይ ነው፤ አናጢ ይመታል፣ ግንበኛ ይጮኻል፣ ገበታው በረዳቶች፣ በዘመዶችና በእንግዶች የተሞላ ነው። ቲኮ የሃያ ዓመት ልኬቱን እንደ ወርቅ ቆልፎ ይዟል፤ ምግብ ላይ ሲጫወት አንዱን ቁጥር ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ጣል ያደርጋል። ኬፕለር የመጣው ለእነዚያ ቁጥሮች ነው።

ለቤተሰቡ ያዘጋጀውን የውል ሐሳብ ዝርዝር ሳነብ ልቤ ቀለጠ። ለብቻው የሚሆን ቤት፤ ምክንያቱም ጫጫታው ለሚስቱ አይሆንም። ማገዶ፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ቢራ፣ ዳቦና ወይን ይህን ያህል። ለራሱ ጥናት የሚሆን ነፃ ሰዓት። ሥራ ሊቀጠር ሄዶ ማድ ቤቱን የሚያስታጥቅ ባል መሆኑ ነው። ቲኮ በብዙው ተስማማ፣ በአንዳንዱ ተቆጣ። በሚያዝያ ወር ተጣሉ። ኬፕለር ግንቡን ለቆ ፕራግ ሄደና የስድብ ደብዳቤ ጻፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የይቅርታ ደብዳቤ አስከተለ። ቲኮ ራሱ ሄዶ በሠረገላው መልሶ አመጣው። በሰኔ ወር ያልተፈረመ ተስፋ ይዞ ወደ ግራዝ ተመለሰ።

ግራዝ ላይ የጠበቀው ሌላ ነው። ደመወዙን የሚከፍሉት ሹማምንት የኮከቡን ነገር እንዲተው፣ ጣሊያን ሄዶ ሕክምና እንዲማር መከሩት። እሱ የሰማው አይመስልም፤ በሐምሌ 10 ቀን ገበያው መሐል በራሱ እጅ የሠራውን መሣሪያ አቁሞ የፀሐይን ግርዶሽ ይለካ ነበር። አንገቱን አቀርቅሮ ሲለካ ሌባ ቦርሳውን ከነ30 ጉልደኑ አነሣው። ይህ ገንዘብ ከዓመት ደመወዙ ላይ ምን ያህል እንደሆነ አንባቢ ያሰላዋል። ሚስቱ ማታ ምን እንዳለችው የጻፈ የለም፤ ባይጻፍም ይገመታል።

በዚያው ወር መጨረሻ የከተማው ሕዝብ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቀርቦ እምነቱን እንዲናገር ታዘዘ። ካቶሊክ ነኝ ወይም እሆናለሁ ያለ ይቀመጣል፤ እምቢ ያለ ይሄዳል። ከሺህ በላይ ሕዝብ ቀረበ። አብዛኛው አዎን አለ። የእምቢ ባዮቹ ዝርዝር ከስድሳ ገደማ አላለፈም፤ የኬፕለር ስም ከእነሱ አንዱ ነበር። ከገዢው ወገን ብዙ ወዳጆች ነበሩትና ትንሽ ቢለሳለስ እንደ 1598ቱ ሊያልፈው ይችል ነበር። አልተለሳለሰም። ለመውጣት የተሰጣቸው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው። የሚሄድ ሰው ደግሞ ከሀብቱ አሥረኛ እንዲከፍል ሕግ ወጥቶ ነበር።

የባርባራ ነገር እዚህ ላይ ይከብደኛል። ሀብቷ መሬትና ቤት ነው፤ መሬት ጋሪ ላይ አይጫንም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ደግሞ ዋጋ የለውም። ሁለት ሕፃናት የቀበረችበት አገር ነው። አባቷ እዚያ ነው። የባሏ አዲስ ሥራ ያለው በአንድ ቁጡ መኳንንት አፍ ላይ ብቻ ነው። እንደኔ ግምት እሷ አንድም ቀን ፕላኔት አስጨንቋት አያውቅም፤ ባሏም ስለ ሥራው ምንነት ለማስረዳት የሞከረ አይመስልም። እሱ ለእምነቱም ለቁጥሮቹም ሲል ሄደ። እሷ ሄደች ምክንያቱም እሱ ሄደ።

መስከረም 30 ቀን 1600 ባል፣ ሚስትና የአሥር ዓመቷ ሬጊና ከግራዝ ወጡ። የቤት ዕቃው በሁለት ጋሪ ተጭኗል። ሊንዝ የምትባል ከተማ ሲደርሱ ኬፕለር ከሜስትሊን የመጨረሻ መልስ ይጠብቅ ነበር፤ ከቱቢንገን ይምጣ የሚል ቃል ቢመጣ ጋሪዎቹን ወደ ምዕራብ ያዞራቸው ነበር። ቃሉ አልመጣም። ዕቃውን ሊንዝ አስቀምጦ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ፕራግ ቀጠለ። መንገድ ላይ የሚመላለስ ትኩሳት ያዘው። በጥቅምት 19 ፕራግ ሲገቡ ታማሚ ነበር፤ ማረፊያ የሰጣቸው ቀደም ሲል በሠረገላው የወሰደው ያው ባለሥልጣን፣ ባሮን ሆፍማን ነው። ባርባራም ወዲያው ታመመች። ፕራግ ከግራዝ ይልቅ ውድ ናት። ቋንቋው ሌላ ነው። ገንዘቡ አለቀ።

ሥራ ቀይሮ ቤት የቀየረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት ያውቃቸዋል። ዕቃው ግማሹ ካርቶን ውስጥ ነው፣ መብራቱ የት እንደሚበራ እጅ ገና አልለመደም፣ ልጆቹ የድሮውን ሰፈር ስም እየጠሩ ያለቅሳሉ። የእኛ በሁለት ወር አለፈ። የእነ ባርባራ አላለፈም።

በ1601 አባቷ ሞቱና ኬፕለር ውርሱን ለማስከበር ወደ ግራዝ ተመለሰ። አራት ወር ቆየ፤ ከውርሱ ያገኘው የለም። ሆኖም ትኩሳቱ ለቀቀው፣ አንድ ቀንም ተራራ ላይ ወጥቶ የምድርን ክብነት ሲለካ ዋለ። ሰውየው እንዲህ ነው። እሷ በዚህ ጊዜ ፕራግ ላይ ከቲኮ ቤት ገንዘብ እየለመነች ትኖር ነበር፤ እየቆጠረ በትንሽ በትንሹ ይሰጣታል። ይህን ጽፋ ላከችለት። ኬፕለር ቲኮን የሚወቅስ ደብዳቤ ጻፈ፤ መልሱ ሰውየውን የተናገርከውን አስብ የሚል ዓይነት ሆኖ በረዳት እጅ ተጽፎ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው በየመጽሐፉ የሚገኝ ስለሆነ አላረዝመውም። ኬፕለር በነሐሴ መጨረሻ ተመለሰ። በጥቅምት ቲኮ ከአንድ ግብዣ ላይ ታሞ ወጣና በዚያው ወር በ24 ሞተ። በሁለተኛው ቀን የንጉሠ ነገሥቱ ሰው መጥቶ ሹመቱ ለኬፕለር መሆኑን ነገረው። ቲኮ 3,000 የተባለበት ቦታ ለእሱ 500 ጉልደን ሆነ፤ እሱም በወቅቱ አይከፈልም። ልኬቶቹ ግን በእጁ ገቡ። የማርስን መንገድ በስምንት ቀን እጨርሳለሁ ብሎ የተወራረደው ሥራ ዓመታት ፈጀ። ክብ አድርጎ ያሰላው መንገድ ከቲኮ ልኬት በስምንት የቅስት ደቂቃ ብቻ ተለየበት። ይህ በክንድ ርቀት ከያዙት የጣት ጥፍር ስፋት በጣም ያነሰ ነው። ሌላ ሰው የመሣሪያ ስሕተት ብሎ ያልፈው ነበር። ኬፕለር የቲኮን እጅ ያውቀዋል፤ ገበታው ላይ ተቀምጧል፣ ተጣልቶታል፣ ሰውየው እንዲህ አይሳሳትም። ስለዚህ የሁለት ሺህ ዓመቱን ክብ ጥሎ ሞላላውን ያዘ። መጽሐፉ በ1609 ታተመ። እኔ በጠመኔ ስሥለው የኖርኩት ሞላላ ከዚያ የመጣ ነው።

ፕራግ ለእሱ ምርጥ ዓመታቱ ነበሩ። ለባርባራ አልነበሩም። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሱዛና፣ ፍሬድሪክና ሉድቪግ። ደመወዙ ሳይከፈል ወራት ያልፋሉ፣ እሱ በግምጃ ቤቱ ደጅ ይጠናል፣ እሷ የራሷን ትንሽ ገንዘብ መንካት አትፈልግም። እሱ በኋላ ስለ እሷ ሲጽፍ ሥራ ላይ ሳለ ስለ ቤት ጉዳይ ስትጠይቀው ትዕግሥት እንዳልነበረው አምኗል። ሁልጊዜ የምትመኘው ወደ አገሯ አቅራቢያ መመለስ ነበር።

በ1611 መጀመሪያ ወታደር ፕራግን ወረረ፤ ከወታደሩ ጋር በሽታ ገባ። ሦስቱም ልጆች በፈንጣጣ ተያዙ። የስድስት ዓመቱ ፍሬድሪክ፣ የእናቱ ዓይን ማረፊያ የነበረው፣ በየካቲት ሞተ። ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋኑን እያጣ ነው። ኬፕለር ሌላ ሥራ መፈለግ ነበረበት፤ የፈለገውም በኦስትሪያ ሊንዝ ነው፣ ሁለቱ ጋሪዎች የቆሙባት ከተማ። ከምክንያቶቹ አንዱ ባርባራ ነበረች፤ እዚያ ከሆነ ለአገሯ ትቀርባለች። ሄዶ ተስማማ። ሥራው እንደገና የግዛት ሒሳብ ሊቅነትና ማስተማር ነው፤ በዓመት 400 ጉልደን። በሰኔ መጨረሻ የምሥራቹን ይዞ ፕራግ ሲመለስ ባርባራን በትኩሳት ታማ አገኛት። በሐምሌ 3 ቀን ሞተች። ኑዛዜ አልተወችም። ሀብቷ ለሬጊናና ለሁለቱ ልጆች ተከፈለ፤ ለባሏ የደረሰው የለም።

በ1612 ያለ እሷ ወደ ሊንዝ ሄደ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ እንደገና መምህር ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ሚስት አገባ፤ አሥራ አራት ዓመት እዚያ ተቀመጠ፤ ሦስተኛውን ሕግ ያገኘው እዚያ ነው። እናቱ ጠንቋይ ተብላ ስትከሰስ መከላከያዋን ይዞ ቆሞ ያስለቀቃትም በእነዚህ ዓመታት ነው። በ1626 ከዚያም ተነሣ፤ በዳኑብ ወንዝ ጀልባ ላይ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ መጻሕፍቱንና የቁጥር ማተሚያ ፊደሎቹን ጭኖ ወጣ። ወንዙ ሲበርድበት ቤተሰቡን ሬገንስበርግ ላይ አስቀምጦ ፊደሎቹን በጋሪ ይዞ ወደ ኡልም ቀጠለ።

የመጨረሻ ጉዞው በ1630 መጸው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ፣ ያ የጥንቱ ፈርዲናንድ ነው፣ ወደ 12,000 ጉልደን ያልተከፈለ ደመወዝ ነበረበት። ኬፕለር ቤተሰቡን ትቶ በደከመ ፈረስ ብቻውን ሬገንስበርግ ገባ፤ ሹማምንቱ በዚያ ለጉባኤ ተሰብስበው ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ትኩሳት ያዘው፤ በኅዳር 15 ሞተ። መቃብሩ ብዙም ሳይቆይ በጦርነቱ ጠፋ። ገንዘቡም አልተከፈለም።